«በአንድ መስመር ያልቃል» ስለተባለው የሊስት መዘርጋት

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፦

በቴክኖሎጂ ገጻችሁ ለፓይተን (የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ) ጀማሪዎች በተከታታይ የምታወጡትን ትምህርት እከታተላለሁ። በአማርኛ እንዲህ ተብራርቶ የሚጻፍ ነገር ጥቂት ስለሆነ ልትመሰገኑ ይገባል። ስለ ድርብርብ ሊስት የወጣው ክፍል ግን «በአንድ መስመር ያልቃል» ብሎ አንድ ብልሃት ብቻ አሳይቶ መዝጋቱ አልተዋጠልኝም። ብልሃቱ ገጹ ላይ በታተሙት አምስት ቁጥሮች ይሠራል። ተማሪው ነገ ሥራ ገብቶ በሚያገኘው ዳታ ላይ ግን ወይ ፕሮግራሙን ያንቀራፍፈዋል፣ ወይ ምንም ኤረር ሳያሳይ ውጤቱን ያበላሽበታል። ከኮዱ ይልቅ የሚከብደው የት ላይ እንደሚቆምና ምን እንዳይጠፋ እንደሚፈለግ መወሰኑ ነው፤ ጽሑፉ ይህን ጨርሶ አላነሳውም። ትእዛዞቹን እናንተ እንደምታደርጉት በአነባበባቸው በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ፤ ኮምፒውተር ላይ የሚሞክራቸው ሰው በላቲን ፊደል ይጻፋቸው።

ያለፈውን ላላነበበ ሰው፦ ሊስት እሴቶች በተራ የሚደረደሩበት ማስቀመጫ ነው። [[1, 2], [3], [4, 5]] ሦስት ትንንሽ ሊስቶችን በውስጡ የያዘ አንድ ሊስት ነው። የውስጦቹን ቅንፎች አውልቀን [1, 2, 3, 4, 5] ስናደርገው ዘረጋነው ወይም ፍላት አደረግነው እንላለን። ገጽ በገጽ ተከፋፍሎ የሚደርስ የኤፒአይ (ፕሮግራሞች ዳታ የሚጠያየቁበት መንገድ) ምላሽ፣ ከብዙ ፋይል የተሰበሰበ መዝገብ፣ ከድረ ገጽ የሚወርድ የጄሰን (ዳታ በጽሑፍ መልክ የሚቀመጥበት አጻጻፍ) ዳታ በአብዛኛው በዚህ መልክ ተደራርቦ ነው የሚመጣው።

ጽሑፉ ያሳየው መንገድ «ሰም» የሚባለው መደመሪያ ፈንክሽን ነው፤ ሊስቶቹን ይሰጡታል፣ መነሻ እንዲሆነው ደግሞ ባዶ ሊስት። መልሱ ትክክል ነው። ነገር ግን ፓይተን ሁለት ሊስት በመደመር ምልክት ሲያገናኝ የሁለቱንም አባላት ወደ አዲስ ሊስት ይገለብጣል። 1,000 ውስጠኛ ሊስት አለ እንበል፣ እያንዳንዱም 10 አባል ይዟል። በመጀመሪያው ዙር 10 አባል ይገለበጣል፣ በሁለተኛው 20፣ በሦስተኛው 30 እያለ በመጨረሻው ዙር 10,000 ይደርሳል። ሲደማመር 5,005,000 ግልበጣ ነው፤ የሚያስፈልገው ደግሞ 10,000 ብቻ ነበር። ውስጠኞቹ ሊስቶች 10,000 ቢሆኑ ግልበጣው 500,050,000 ይሆናል። ዳታው በ10 እጥፍ ባደገ ቁጥር ሥራው በ100 እጥፍ ያድጋል ማለት ነው። አንድ ጣሳ እህል በጨመሩ ቁጥር አዲስ ጆንያ አምጥቶ የቀደመውን ሁሉ ወደ እሱ እንደመገልበጥ ነው።

የፓይተን አዘጋጆችም ይህን ያውቁታል። «ሰም» ስትሪንጎችን (ጽሑፎችን) ደምር ሲባል እምቢ ብሎ በ«ጆይን» ተጠቀሙ የሚል ኤረር ይሰጣል። ለሊስት ግን አይከለክልም፤ መመሪያው ብቻ እንዲህ ላለው ሥራ «ኢተርቱልስ» በሚባለው የፓይተን ላይብረሪ ውስጥ ያለውን «ቼይን» እንድናስብበት ይመክራል። በነገራችን ላይ በ«ሪዲውስ» (አባላትን በየተራ ወደ አንድ የሚያጠቃልል ፈንክሽን) እና በመደመር ምልክት የሚሠራውም፣ ሉፕ (ተደጋጋሚ ዙር) ውስጥ «ውጤት = ውጤት + ሰብ» ብሎ የሚጻፈውም («ሰብ» በተራው የሚነሳው ውስጠኛ ሊስት ነው) ያው በሽታ አለባቸው። «ውጤት += ሰብ» ግን ሌላ ነው፤ እሱ ያለውን ሊስት እዚያው ላይ ስለሚያስረዝም አይገለብጥም። አንድ ምልክት ቦታዋን ስትቀይር ፍጥነቱ እንዲህ ይለያያል።

የዳታው ጥልቀት አንድ ደረጃ ብቻ መሆኑ ከተረጋገጠ ሦስት ደህና መንገዶች አሉ። ለጀማሪ የምመርጠው ተራውን ሉፕ ነው፦ ባዶ ሊስት መክፈት፣ ውስጠኞቹን በየተራ ማንሳት፣ እያንዳንዱን በ«ኤክስቴንድ» መጨመር። እዚህ ላይ «አፔንድ» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ አይጠፋም። «አፔንድ» ሊስቱን ከነቅንፉ ስለሚያስገባው በብዙ ድካም የሚገኘው መጀመሪያ የነበረው ድርብርብ ሊስት ነው።

ሁለተኛው ሊስት ኮምፕሪሄንሽን፣ ማለትም ሉፑን ቅንፍ ውስጥ በአንድ መስመር መጻፍ ነው፦ «ኤክስ ፎር ሰብ ኢን ሊስቶቹ ፎር ኤክስ ኢን ሰብ»። የሁለቱ «ፎር» ቅደም ተከተል ብዙ ሰው ያምታታል። አነባበቡ ሉፖቹን አንዱን ከሌላው ሥር ብንጽፋቸው እንደሚኖራቸው ተራ ነው፤ የውጭው ይቀድማል፣ የውስጡ ይከተላል። ተገልብጦ «ኤክስ ፎር ኤክስ ኢን ሰብ ፎር ሰብ ኢን ሊስቶቹ» ተብሎ ከተጻፈ አብዛኛውን ጊዜ «ሰብ» አይታወቅም የሚል ኔም ኤረር ይመጣል፤ ይህ ደግ ዕድል ነው። ጁፒተር ኖትቡክ (ኮድ ቁራጭ በቁራጭ የሚጻፍበትና የሚሠራበት ገጽ) ላይ ሲሠራ ግን ሌላ ጣጣ አለው። ተማሪው ቀደም ሲል ሊስቶቹን በተራ ሉፕ አትሟቸው ከሆነ «ሰብ» የሚለው ስም የመጨረሻውን ሊስት [4, 5] ይዞ ይቀራል። ያን ጊዜ የተገለበጠው ኮድ ያለ ምንም ኤረር [4, 4, 4, 5, 5, 5] ያወጣል። አምስት ቁጥር የነበረው ስድስት ሆኗል፤ 1፣ 2 እና 3 የሉም። ያ የማተሚያ ሉፕ ከኖትቡኩ ከተሰረዘ፣ ከርነሉን (ኮዱን የሚያስኬደውን ሞተር) እንደገና አስነስቶ ከላይ እስከ ታች ማስኬድ ወዲያው ያጋልጠዋል፤ ሉፑ ከላይ እንዳለ ከሆነ ግን ስህተቱ ይደገማል።

ሦስተኛው «ቼይን ፍሮም ኢተረብል» ነው። የተዘረጋውን በሙሉ ሜሞሪ ውስጥ ሳይከምር አንድ አንድ እያለ ስለሚያቀብል ለትልልቅ ፋይል ይመረጣል። አንድ ጠባይ ብቻ አለው፦ አንዴ ከተነበበ አለቀ። ርዝመቱን በ«ሌን» ሲጠይቁት ኤረር ይላል፤ አንዴ ደምረው ለሁለተኛ ጊዜ ሊያትሙት ሲሉ ደግሞ ዝም ብሎ ባዶ ይሆናል። ሁለት ጊዜ የሚያስፈልግ ከሆነ መጀመሪያውኑ በ«ሊስት» መጠቅለል ነው።

እስካሁን ያለው ቀላሉ ነው። የእውነት ዳታ ጥልቀቱ አንድ ወጥ አይደለም። [1, [2, 3]] ለሚለው ሊስት ከላይ ያለውን ኮምፕሪሄንሽን ብንሰጠው 1 በውስጡ የሚቆጠር ነገር ስለሌለው ታይፕ ኤረር ይመጣል፤ ተማሪው ያያል፣ ያርማል። ["አዳማ", ["ሐዋሳ", "ጎንደር"]] ብንሰጠው ግን ኤረር የለም። ውጤቱ አ፣ ዳ፣ ማ፣ ሐዋሳ፣ ጎንደር ነው። ስትሪንግ ራሱ ሊዞሩበት የሚችሉት ነገር በመሆኑ ፓይተን እንደ ውስጠኛ ሊስት ቆጥሮት ፊደል በፊደል በተነው። የከተማው ስም ሦስት አባል ሆኖ ገባ፣ ቆጠራውም ተዛባ፣ ማንም አላወቀም። በፓይተን 3 ቢያንስ ፊደሉ ሙሉ ነው። ፒኤችፒ በሚባለው ቋንቋ ላይ «ስትር ስፕሊት» የሚሉት ፈንክሽን በባይት ስለሚቆርጥ፣ የኛ ፊደል ደግሞ በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ 3 ባይት ስለሚይዝ፣ «አዳማ» ወደማይነበቡ 9 ቁራጮች ይከፋፈላል፤ እዚያ መጠቀም ያለብን «ኤምቢ ስትር ስፕሊት»ን ነው።

ጥልቀቱ በማይታወቅበት ጊዜ የተለመደው መልስ ሪከርሽን ነው። ፈንክሽኑ አንድ ሊስት ይቀበላል፣ አባላቱን በየተራ ያያል፣ አባሉ ሊስት ከሆነ ራሱን መልሶ ይጠራል፣ ካልሆነ ያወጣዋል። በ«ዪልድ ፍሮም» (ውጤቱን አንድ በአንድ በሚያቀብለው ትእዛዝ) ሲጻፍ አራት አምስት መስመር አይሞላም፤ ይህ አጻጻፍ በ2012 ከወጣው ፓይተን 3.3 ጀምሮ አለ። ጠቡ ያለው «አባሉ ሊስት ከሆነ» የምትለዋ ቦታ ላይ ነው። ብዙ ሰው «ሊዞሩበት የሚቻል ነገር ከሆነ» ብሎ ይፈትሻል፣ ያ ዘመናዊና ሰፊ ስለሚመስል። ስትሪንግ ሲገባበት «አዳማ» ወደ «አ» ይወርዳል፤ «አ» ደግሞ አንድ ፊደል ያለው ስትሪንግ ስለሆነ ውስጡ ሲታይ ያው «አ» ነው፣ የሱም ውስጥ «አ» ነው። ማለቂያ የለውም። ፓይተን በተለመደው ቅንብሩ ጥሪው ወደ 1,000 ሲጠጋ ሪከርሽን ኤረር ብሎ ይቆማል። ተማሪው ኤረሩን አንብቦ ዳታዬ ጥልቅ ነው ይልና ገደቡን ከፍ ያደርጋል፤ በሽታው የገደቡ አልነበረም።

ስለዚህ ኮድ ከመጻፉ በፊት ፍሬው ምን እንደሆነ፣ ማለትም ከዚያ በታች የማንከፍተው ነገር የቱ እንደሆነ በግልጽ ይወሰን። ስትሪንግ ፍሬ ነው። ባይትስ የሚባለው ጥሬ ዳታም ፍሬ ነው፤ ካልተባለ ወደ ቁጥሮች ይበተናል። ዲክሽነሪ (ቁልፍና እሴት ጥንድ ጥንድ የሚያዝበት) ቢከፈት የሚወጡት ቁልፎቹ ብቻ ናቸው፣ እሴቶቹ ድምፅ ሳያሰሙ ይቀራሉ። ታፕል (በክብ ቅንፍ የሚጻፍ፣ የማይለወጥ ሊስት መሰል) ደግሞ ብዙውን ጊዜ መዝገብ ነው፦ (9.03, 38.74) የአዲስ አበባ መገኛ ነው፣ ተለያይተው ሁለት ነጠላ ቁጥር ሲሆኑ ምንም አይደሉም። ለኔ ጥንቃቄ የተሞላበት መነሻ «ሊስት ብቻ ይከፈት፣ ሌላው ሁሉ ፍሬ ነው» የሚለው ነው። ታፕልም መከፈት ካለበት ሆን ተብሎ ይጨመር። ለዚህ ራስን ማድከም የማይፈልግ ሰው «ሞር ኢተርቱልስ» የሚባለውን ተጨማሪ ላይብረሪ ጭኖ «ኮላፕስ»ን ይጠቀም፤ ስትሪንግን አይከፍትም፣ የትኛው ዓይነት ፍሬ እንደሆነና እስከ ስንት ደረጃ እንደሚወርድ ሊነገረው ይችላል።

ዳታው በእውነት ጥልቅ ከሆነ፣ ለምሳሌ መልስ በመልስ ላይ እየተንጠለጠለ ሺህ ደረጃ የወረደ ውይይት ከሆነ፣ የሪከርሽን ገደቡን ማሳደግ አይመከርም፤ ከመጠን ካለፈ ፓይተን ራሱ ያለ ኤረር መልእክት ሊዘጋ ይችላል። መፍትሔው ስታኩን፣ ማለትም መጨረሻ የተደረበው መጀመሪያ የሚነሳበትን ክምር፣ በእጅ መያዝ ነው። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ የዋናውን ሊስት ኢተሬተር (አባላቱን በተራ የሚያቀብል ጠቋሚ) ወስዶ ባዶ ስታክ ላይ ማስቀመጥ። ከዚያ ስታኩ እስኪያልቅ ድረስ ከላይኛው ኢተሬተር ቀጣዩን አባል መጠየቅ። አባል ከሌለው ያንን ኢተሬተር ከስታኩ ማንሳት። የመጣው አባል ሊስት ከሆነ የሱን ኢተሬተር ከላይ መደረብ፣ ካልሆነ ማውጣት። ይህ ተራውን ሳያፋልስ ሜሞሪ እስከፈቀደ ድረስ ይወርዳል።

አንዳንዱ መማሪያ በኢተሬተር ፈንታ አባላቱን ራሳቸውን ስታክ ላይ ይከምራል። ይሠራል፣ ግን ሲከመሩ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ካልሆነ ውጤቱ ተገልብጦ ይወጣል። ተራውን ለማስተካከል ብሎ በ«ፖፕ 0» ከፊት የሚያነሳ ሰው ደግሞ ሌላ ወጥመድ ውስጥ ይገባል፤ ከሊስት ፊት አንድ አባል ሲነሳ የቀሩት ሁሉ አንድ አንድ ቦታ ይሸጋሸጋሉና እንደ «ሰም» ያንቀራፍፋል። ከፊት ማንሳት ግድ ከሆነ «ዴክ» (ከሁለቱም ጫፍ የሚነሳበት ማስቀመጫ) የተሠራው ለዚህ ነው።

ራሱን የያዘ ሊስትስ? ፓይተን አንድን ሊስት በራሱ ውስጥ «አፔንድ» ከማድረግ አይከለክልም፤ ሲታተም [...] ብሎ ያሳየዋል። ይህን የሚዘረጋ የስታክ ኮድ ሜሞሪ እስኪሞላ አይቆምም። መከላከያው የተከፈቱትን ሊስቶች መለያ ቁጥር በ«ሴት» (ድግግሞሽ በማይይዝ ስብስብ) መያዝ ነው፣ ግን አሁን ባለንበት መንገድ ላይ ያሉትን ብቻ፦ ሲደረብ መጨመር፣ ሲነሳ መሰረዝ። ያየነውን ሁሉ ይዘን «ይሄን አይቼዋለሁ» ብለን ከዘለልን፣ አንድ ሊስት በሕጋዊ መንገድ ሁለት ቦታ ሲገኝ ሁለተኛውን እናጠፋዋለን። ሩቢ የሚባለው ሌላ ቋንቋ በዚህ በኩል ተመስጋኝ ነው፤ ራሱን የያዘ አሬይ (የሩቢ ሊስት) ሲሰጡት አርጉመንት ኤረር ብሎ ወዲያው ይቆማል።

እዚህ ድረስ የተጻፈው ሁሉ እንዴት ይዘረጋል ለሚለው ነው። ጽሑፋችሁ ይበልጥ የጎደለው ግን ሲዘረጋ ምን ይጠፋል የሚለው ነው፤ በሥራ ቦታ ብዙ ችግር የሚነሳውም እዚህ ላይ ነው።

የአዲስ አበባን ክፍለ ከተሞችና ወረዳዎች እንውሰድ። ውጭኛው ሊስት ክፍለ ከተሞቹ ናቸው፣ በየውስጣቸው ወረዳዎች አሉ። ወረዳ 01 በአራዳም አለ፣ በጉለሌም አለ፣ በቂርቆስም አለ። ይህን ፍላት ስናደርገው «ወረዳ 01፣ ወረዳ 01፣ ወረዳ 01» የሚል ሊስት ይተርፈናል፤ የትኛው የማን እንደሆነ ማወቂያ የለም። ቀጥሎ የሚመጣው ሠራተኛ «ድግግሞሽ ገብቷል» ብሎ በ«ሴት» ያጸዳዋል፣ ሦስት ወረዳ አንድ ይሆናል። መደረግ የነበረበት ከእሴቱ ጋር መንገዱንም ማውጣት ነው፦ («አራዳ»፣ «ወረዳ 01»)፣ («ጉለሌ»፣ «ወረዳ 01») እያሉ። ኮዱ ላይ የሚጨመረው ትንሽ ነው፤ ፈንክሽኑ ራሱን ሲጠራ እስካሁን የመጣበትን መንገድ እንደ ሁለተኛ አርጉመንት (ለፈንክሽኑ የሚሰጥ ግብዓት) ያቀብላል።

አገር አቀፍ ሲሆን ሌላ ነገር ይጨመራል፣ ጥልቀቱ እኩል አይደለም። በአብዛኛው ክልል፣ ዞን፣ ወረዳ፣ ቀበሌ ተብሎ ይወርዳል። ሐረሪ ክልል ግን ዞን የለውም፤ ልዩ ወረዳዎችም በቀጥታ ለክልል ተጠሪ ናቸው። መንገዱን በደረጃ ቁጥር እየቆረጠ ወደ ሰንጠረዥ የሚያስገባ ኮድ «ሁለተኛው ደረጃ ዞን ነው» ብሎ ስለሚያምን የሐረሪን ወረዳ ዞን የሚለው ዓምድ ውስጥ ይከተዋል፣ ቀበሌውን ደግሞ ወረዳ ያደርገዋል። ኤረር አይኖርም፤ ሪፖርቱ ላይ ብቻ የማይታወቁ ዞኖች ይፈጠራሉ። ከዚህ የሚያድነው እያንዳንዱ አባል የራሱን ዓይነት ይዞ እንዲመጣ ማድረግ ነው፣ ማለትም ከስሙ ጎን «ዞን» ወይም «ወረዳ» የሚል መለያ። የሌለው ዞን በባዶ ይሞላል እንጂ ታችኛው ወደ ላይ አይሳብም።

ካርታ ላይ ደግሞ ይበልጥ ይታያል። በ2016 በአርኤፍሲ 7946 ደረጃ የወጣለት ጂኦጄሰን የተባለው የካርታ ዳታ አጻጻፍ ቅርጾችን የሚያስቀምጠው በድርብርብ ሊስት ነው። አንድ ነጥብ [37.3, 12.0] ተብሎ ይጻፋል፣ ሎንጊቲዩድ ቀድሞ። የነጥቦች ሊስት አንድ ቀለበት ይሆናል፣ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ነጥብ አንድ ዓይነት ሆኖ። የቀለበቶች ሊስት ፖሊጎን ነው፤ የመጀመሪያው ቀለበት የውጭ ዳርቻ ሲሆን የቀሩት በውስጡ ያሉ ቀዳዳዎች ናቸው። ጣና ሐይቅን በዚህ ብንስለው የውጭው ቀለበት የሐይቁ ዳርቻ ነው፣ ደቅና ሌሎቹ ደሴቶች ቀዳዳዎቹ ናቸው። ፖሊጎኑን አንድ ደረጃ ብንዘረጋው ነጥቦቹ በሙሉ ይቀራሉ፣ ቀለበቶቹ የሚለያዩበት ወሰን ግን ይጠፋል፤ የሚስለው ፕሮግራም ከሐይቁ ዳርቻ ተነስቶ ደቅ ደሴት ድረስ ቀጥ ያለ መስመር ይጎትታል፣ ከዚያ ወደ ቀጣዩ ደሴት። እስከ መጨረሻው ከዘረጋነው ደግሞ ሎንጊቲዩድና ላቲቲዩድ የተደባለቁበት የቁጥር ጎርፍ ነው። ልብ በሉ፣ ጄሰን ታፕል ስለሌለው ነጥቡም ራሱ ሊስት ነው፤ «ሊስት ብቻ ይከፈት» ያልኩት ሕግ እዚህ አያድንም። የሚያድነው በደረጃ መገደብ ነው። የሐይቁን ምሥራቃዊና ምዕራባዊ ጫፍ ብቻ ለማወቅ ከሆነ ግን ወሰኑ ቢጠፋም ግድ የለም፣ አንድ ደረጃ ዘርግቶ ትንሹንና ትልቁን ሎንጊቲዩድ መውሰድ ይበቃል።

ባዶ ሊስቶችም ሲዘረጉ ድምጥማጣቸው ይጠፋል። እያንዳንዱ ውስጠኛ ሊስት የአንድ ተማሪ ውጤቶች ቢሆንና አንዱ ምንም ፈተና ባይወስድ፣ ከተዘረጋው ውስጥ ያ ተማሪ የለም። ሠንጠረዥ ላይ ለሚሠራ ሰው ፓንዳስ የሚባለው የፓይተን ላይብረሪ «ኤክስፕሎድ» እዚህ ላይ ይሻላል፤ በ2019 በ0.25 እትም የገባ ነው፣ ባዶውን ሊስት «ናን» (ዋጋ የለም) ብሎ በቦታው ያስቀረዋል፣ የመጣበትንም ኢንዴክስ ይደግማል። ኤክሴል ላይ ያለው «ቱኮል» ደግሞ ካልተነገረው ባዶውን ሴል 0 አድርጎ ያሳያል፤ በሁለተኛው አርጉመንት 1 ሲሰጠው ይዘለዋል። በ0 እና በምንም መካከል ያለው ልዩነት ለውጤት መዝገብ ትንሽ ነገር አይደለም።

ጽሑፋችሁ «ሌሎች ቋንቋዎችም ተመሳሳይ ናቸው» ያለውን ደግሞ አልቀበለውም። ጃቫስክሪፕት ላይ «ፍላት» ካልተነገረው አንድ ደረጃ ብቻ ይዘረጋል፤ ሁሉንም ለመዘርጋት «ኢንፊኒቲ» ይሰጠዋል። ሩቢ ላይ «ፍላተን» በተቃራኒው ካልተገደበ እስከ ታች ይወርዳል። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሸጋገር ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ሩቢ ውስጥ ባለ ቃለ አጋኖው «ፍላተን!» የሚዘረጋ ነገር ካጣ የሚመልሰው «ኒል» (ምንም) ነው፣ አሬዩን አይደለም፤ ውጤቱን ይዞ ወዲያው ሌላ ትእዛዝ የሚቀጥል ኮድ ቀድሞ ጠፍጣፋ በሆነ ዳታ ላይ ይወድቃል። ሊስፕ ላይ ደግሞ «ኒል» ባዶ ሊስትም ሐሰትም ስለሆነ፣ እውነተኛ መልስ ሆኖ የተቀመጠ «ኒል» በመማሪያ ላይ በተለመደው ፍላተን ሲያልፍ ይሰረዛል።

ጃቫስክሪፕት ላይ ስሙ «ፍላት» የሆነውም በግድ ነው። መጀመሪያ የታሰበው «ፍላተን» ነበር፤ በ2018 ፋየርፎክስ ለሙከራ ሲያስገባው ሙቱልስ በሚባለው የቆየ ላይብረሪ የተሠሩ ገጾች ተበላሹ፣ ላይብረሪው በዚያው ስም የራሱን ቀድሞ አስቀምጦ ስለነበር። ከብዙ ክርክር በኋላ ኮሚቴው ስሙን አሳጥሮ በ2019 የቋንቋው ደረጃ ውስጥ አስገባው። ከዚያ በፊት ሰው የሚጠቀመው «ኮንካት»ን ሊስቶቹን በሙሉ እንደ አርጉመንት በትኖ በመስጠት ነበር፤ ዛሬም በድሮ ኮድ ውስጥ ይገኛል። ውስጠኞቹ አሬዮች በመቶ ሺዎች ሲሆኑ ለአንድ ፈንክሽን የሚሰጡ አርጉመንቶች ገደብ ስላላቸው ሬንጅ ኤረር ይመጣል።

በሚቀጥለው ክፍል ማስተካከያ የምታወጡ ከሆነ፣ ከማብራሪያው ጋር መፈተኛም አብሮ ቢታተም ለተማሪው ይጠቅመዋል። ለእኔ የሚበቁት እነዚህ ናቸው፦ [] ገብቶ [] ይውጣ። [[], [1], []] ገብቶ [1] ይውጣ። ["አዳማ", ["ጎንደር"]] ገብቶ ሁለት ከተማ እንጂ አራት ቁራጭ አይውጣ። [[(9.03, 38.74)]] ገብቶ ታፕሉ ሳይሰበር ይውጣ። [[0], [None]] ገብቶ 0 እና «ነን» ሁለቱም ይውጡ፤ «አባሉ እውነት ከሆነ» ብሎ የሚፈትሽ ኮድ ሁለቱንም ስለሚጥላቸው ነው። በመጨረሻ በሉፕ 10,000 ጊዜ ተጠቅልሎ አንድ ቁጥር ብቻ የያዘ ሊስት ይሰጠው። የሪከርሽኑ ኮድ የሚወድቀው እዚህኛው ላይ ነው፣ የስታኩ ያልፋል። እዚያው ፋይል ውስጥ የገባውን ሊስት በ«ፕሪንት» ማተም ግን አይሞከር፤ ያንን 10,000 ጊዜ የተጠቀለለ ሊስት ራሱን ለማተም ሲሞክር ፓይተን በዚያው ሪከርሽን ኤረር ሊቆም ይችላልና፣ ተማሪው ጥፋቱን በደህናው ኮዱ ላይ ይፈልጋል።

ከአክብሮት ጋር፣
የሶፍትዌር ባለሙያ፣ አዲስ አበባ